የሦስት ቀን ምጥ፣ የአርባ ሁለት ቀን መንገድ

ይህ ማስታወሻ የሚከተለው አንድ መንገድ ነው፦ በድሃ አገሮች ገጠር፣ ከሆስፒታል ርቃ የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ከቤቷ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ከዚያም ተመልሳ እስከ ደጃፏ የምትሄድበት መንገድ። እናቲቱ አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም፤ የብዙዎችን መንገድ በአንዷ ጠቅልለነዋል። ለስሌት እንዲመች ጤና ጣቢያው ከቤቷ በእግር 3 ሰዓት፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ከጤና ጣቢያው በመኪና 3 ሰዓት ይርቃል እንበል። ሰዓቱን የምንቆጥረው ምጡ ከያዛት ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 260,000 ገደማ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ከ10ሩ ከ9ኙ በላይ የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም ከመካከለኛ በታች በሆኑ አገሮች ነው። የሚገድሉት ችግሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በእናቶች ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት እንዲህ ይላል፦ ሕክምና ያላገኘች እናት ከወሊድ በኋላ ደም ከፈሰሳት እስከ ሞት በአማካይ 2 ሰዓት አላት። ከወሊድ በፊት ለሚመጣ መድማት 12 ሰዓት፣ ማህፀን ከተተረተረ 1 ቀን፣ ኤክላምፕሲያ ለሚባለው መንቀጥቀጥ 2 ቀን፣ መውጫ ላጣ ምጥ 3 ቀን፣ ለኢንፌክሽን 6 ቀን። እዚህ የመረጥነው መውጫ ያጣውን ምጥ፣ ማለትም የልጁ ጭንቅላት በእናቱ ዳሌ ማለፍ ያልቻለበትን ነው። ሦስት ሙሉ ቀን ጊዜ የሚሰጥ ችግር እንዴት እንደሚያመልጥ ያየ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሰጠው ለምን እንደሚገድል አይጠይቅም።

ቀን 1፦ ቤት፣ እስከ 22ኛው ሰዓት

ምጡ የጀመረው በዋዜማው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እስከ ረፋድ ድረስ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቁርጠቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሷም ትራመዳለች፣ ውሃ ትጎነጫለች። በመጀመሪያ ልጅ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ አዋላጅ አጠገቧ ብትኖርም በዚህ ሰዓት አትደነግጥም።

ከ12ኛው ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምጥ 12 ሰዓት አልፎት ልጁ ካልመጣ ወደ ጤና ተቋም መነሳት ግድ ነው። አዋላጆች በብዙ የአፍሪካ አገሮች «በምጥ ላይ ያለች ሴት ላይ ፀሐይ ሁለት ጊዜ አትጥለቅባት» እያሉ ያስተምራሉ። ሰዓት በሌለበት ቤት ይህ ከማንኛውም ፖስተር የተሻለ መመሪያ ነው።

ታዲያ ለምን አይነሱም? «ባለማወቅ» የሚለው መልስ ለሚናገረው ይቀላል እንጂ ብዙ አያስኬድም። ቤቱ ውስጥ የሚካሄደው ክርክር በደንብ የታሰበበት ነው። ገንዘቡን የሚይዘውና «ሂዱ» የሚለው ባልየው ነው፤ እሱ ደግሞ ለሥራ ከወጣ ሰንብቷል። አማቲቱ «በርቺ ልጄ፣ እኛም እንዲሁ ነው የወለድነው» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፣ በሕይወት ተርፋ የምትናገረው እሷ ናትና። የመጓጓዣ፣ የጓንትና የመድኃኒት፣ አብሮ የሚሄደው ሰው የሚያድርበትና የሚበላው ይሰላል። በዚያ ላይ ባለፈው ዓመት ሄዳ ተሰድባና ተገፍትራ የተመለሰች ጎረቤት አለች። ባውዘርና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በወሊድ ክፍሎች የሚደርሰውን ክብር የሚነካ አያያዝ በሰባት ለይተው አስቀምጠዋል፤ አካላዊ ጥቃት፣ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ሕክምና፣ ጥሎ መሄድና ክፍያ ላልከፈለች መውጫ መከልከል ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንዲት ሴት ስትሰደብ ያዩ አሥር ሴቶች በሚቀጥለው ዓመት ቤታቸው ይቀራሉ።

በዚህ ሰዓት ሁለት ስህተቶች ይፈጸማሉ፣ ሁለቱም ለመርዳት ታስበው። አንደኛው ሆድን በኃይል ወደ ታች መጫን ነው። ሁለተኛው በሰፈር መርፌ ከሚወጋ ሰው ምጥ የሚያፋጥን ኦክሲቶሲን ማስወጋት። ጭንቅላቱ በዳሌው ማለፍ ካልቻለ ምጡን ማጠንከር ማህፀንን መተርተር ነው።

ባልየው በስልክ የተገኘው በ22ኛው ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ፈቀደ። ነገር ግን በሌሊት የሚሸከም ሰው አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ነፍሰ ጡር ሳለች ሊያልቅ ይችል ነበር። የወሊድ ዝግጅት ዕቅድ የሚባለው ወረቀት ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ የት ትወልጃለሽ፣ በምን ትሄጃለሽ፣ ገንዘቡ የት ተቀምጧል፣ ማን አብሮሽ ይሄዳል፣ ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ባልሽ ባይኖር ማን ይወስናል? በክትትል ጊዜ አምስቱ ይጠየቃሉ። ስድስተኛው ይዘለላል፤ ጥያቄው የሚያሳፍር ይመስል።

ቀን 2፦ ከ32ኛው እስከ 49ኛው ሰዓት

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። በቃሬዛ ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ለ3 ሰዓት መንገድ ግን ቢያንስ ስምንት፣ እየተቀያየሩ። ስድስት ተገኙ። ለዚህ ነው የ3 ሰዓቱ መንገድ 5 ሰዓት የፈጀው።

አሸካከሙ ራሱ ጉዳይ ነው። ለማሰርና ለመያዝ የሚመቸው በጀርባዋ ማስተኛቱ ነው፤ እንዲሁም ይደረጋል። በጀርባዋ ስትተኛ ግን ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር ይጫነዋል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ለልጁም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ከጀርባዋ የተጠቀለለ ጨርቅ ቢደገፍላት ይህ አይሆንም። ከመነሳት በፊት ሽንት እንድትሸና ማድረግም ያስፈልጋል። እምቢ ካላት ጭንቅላቱ የሽንት መውጫውን ተጭኖት ነውና ይህ ራሱ ምልክት ነው፤ ለአዋላጇ መነገር አለበት። ሞተር ሳይክል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠቅማል፣ አሁን ግን መቀመጥ አትችልም።

37ኛው ሰዓት፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ። አንዲት አዋላጅ፣ ሦስት በምጥ ላይ ያሉ እናቶች። ምርመራው 7 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ የልጁ ጭንቅላት ላይ እብጠት አለ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች ተደራርበዋል፣ ጭንቅላቱም ገና ከዳሌው በላይ በእጅ ይዳሰሳል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ መልሱ ቀዶ ጥገና ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2020 የምጥ መከታተያ ቅጽ መሠረት 7 ሴንቲ ሜትር ላይ 3 ሰዓት ሳይለወጥ መቆየት ማስጠንቀቂያ ነው። ፓርቶግራፍ በሚባለው የቀድሞ ቅጽ ደግሞ የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል ተብሎ ይሰመር ነበር። የትኛውም ቅጽ ግን የሚሠራው እየተሞላ ከሄደ ብቻ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ለፋይል ማሟያ የሚሞላ ፓርቶግራፍ ማንንም አላዳነም። ለሦስት እናቶች አንዲት አዋላጅ ባለችበት ቦታ ለምን ወደ ኋላ እንደሚሞላ ማወቅ አያስቸግርም፤ ወቀሳውም ወደ እሷ ብቻ ሊወርድ አይገባም።

ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት፣ ከመጻፉ በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው። በክንዷ ደም ሥር ካኑላ የሚባል ወፍራም ቱቦ ይገባል፣ ቁጥር 16 ወይም 18፤ ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን የሚባል ፈሳሽ ይቀጠላል። ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ቱቦ፣ ገብቶ የሽንቱ መጠንና ቀለም ይመዘገባል። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሲሊን 2 ግራም። ኦክሲቶሲን በምንም መንገድ አይሰጥም። ሆዷ ይታያል፦ ከእምብርት በታች አግድም የተሰመረ ጎድጓዳ ቀለበት ካለ ማህፀኑ ሊተረተር ነው፣ ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ይደወላል። ወረቀቱ ላይ ምጡ የጀመረበት ሰዓት፣ የማህፀን በር ስንት እንደሆነና መቼ እንደተለካ፣ የልጁ የልብ ምት፣ የሽንቱ ቀለም፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑና ከነሰዓቱ፣ የደም ዓይነቷ ይጻፋል። «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተብሎ የሚላክ ወረቀት ሆስፒታል ላይ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ያስጀምራል። አብሯት ባለሙያ መሄድ አለበት፤ መንገድ ላይ ብትወልድ ወይም ብትደማ ሹፌሩ የሚያደርገው ነገር የለም።

የሪፈር ውሳኔ በ39ኛው ሰዓት ተሰጠ። አምቡላንሱ የመጣው በ46ኛው ሰዓት ነው። ሰባቱ ሰዓት የሄደው እንዲህ ነው፦ መኪናው ሌላ እናት ይዞ ሄዷል፣ ሲመለስ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ የሚፈቅደው ኃላፊ ስልኩ አይሠራም። በዓለም አቀፉ መለኪያ ለ500,000 ሕዝብ ድንገተኛ የወሊድ ሕክምና የሚሰጡ ቢያንስ 5 ተቋማት፣ ከነሱም ቢያንስ አንዱ ኦፕራሲዮንና ደም መስጠት የሚችል ሊኖር ይገባል። ብዙ ቦታ ተቋማቱ በቁጥር አሉ። የሚጎድለው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው።

ቀን 3፦ ሆስፒታል፣ ከ49ኛው እስከ 55ኛው ሰዓት

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ደረሱ። በር ላይ ጥበቃው «አስታማሚ አንድ ብቻ» ይላል። የገባው አማቷ ያልሆነ፣ መፈረም የሚችል ወንድ ነው። እሷን የሚያጽናናት ሰው ውጭ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት እናት የመረጠችው ሰው በምጡ ጊዜ ሁሉ አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ምንም ዕቃ የማይጠይቅ፣ ምጥን የሚያሳጥርና ኦፕራሲዮንን የሚቀንስ ነገር ነው። የሚከለክለው አብዛኛውን ጊዜ መጋረጃ አለመኖሩ ነው። በአንድ ሰፊ ክፍል አልጋዎቹ ተደርድረው የሌሎቹ እናቶች ገመና እንዳይታይ ተብሎ ሁሉም ብቻዋን ታምጣለች። ለአንድ አልጋ ጥቂት ሜትር ጨርቅና ሽቦ ይበቃ ነበር።

ቋንቋውን የማታውቅ ከሆነ የሚጠይቋት በሌላ ሰው አፍ ነው። አስተርጓሚው የባሏ ወንድም ሲሆን ስለ ደምና ስለ ፈሳሽ የሚጠየቀው ግማሹ ሳይመለስ ይቀራል። መስማት ለተሳናት ሴት ደግሞ አስተርጓሚ የሚባል ሰው ጨርሶ የለም።

ከ49ኛው እስከ 55ኛው ሰዓት የሆነውን በተራ እንይ። ካርድ ማውጣት፣ 40 ደቂቃ። ሐኪሙ እስኪመጣ፣ 1 ሰዓት። ውሳኔው «ኦፕራሲዮን» ሆነ። አደጋ ላለባት እናት ከውሳኔ እስከ መቅደድ ያለው ጊዜ በብዙ አገሮች 30 ደቂቃ እንዲሆን ይታሰባል። እዚህ ግን ፈራሚው ባልየውን በስልክ ሳያስፈቅድ አልፈርምም አለ። አዋቂ የሆነች፣ አእምሮዋን የምታውቅ ሴት ለራሷ መፈረም ትችላለች፤ ብዙ ሠራተኞች ግን በኋላ የሚመጣውን ጠብ ፈርተው የወንድ ፊርማ ይጠብቃሉ። ከዚያ ከውጭ የሚገዛ ነገር ዝርዝር ተሰጠ፦ የመስፊያ ክር፣ ጓንት፣ በጀርባ ሰመመን የሚሰጥበት የስፒናል መርፌ። ሕጉ የወሊድ አገልግሎት ነጻ ነው ቢልም መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ክፍያው በሌላ በር ይገባል። ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ቡሩንዲም በ2006 ለወላዶችና ለትንንሽ ልጆች ክፍያ ሲያነሱ ወደ ተቋማት የሚመጡ እናቶች ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። ስለዚህ የክፍያው በር ሲከፈት ሴቶች እንደሚመጡ እናውቃለን። የሚከብደው ከመጡ በኋላ ክሩን መደርደሪያው ላይ ማግኘት ነው።

ደም ያስፈልጋል፣ ቢያንስ 2 ዩኒት ተዘጋጅቶ። ቢቻል በፈቃደኛ ለጋሾች የተሞላ ደም ባንክ ይኖራል። ከሌለ ከዘመድ ይወሰዳል፤ ቃሬዛውን የተሸከሙት ስድስቱ ሰዎች ግን ከጤና ጣቢያው ተመልሰዋል። ሌሊት የሰመመን ባለሙያው አንድ ነው፣ ሌላ ኦፕራሲዮን ላይ ነው።

በ55ኛው ሰዓት ገቡ። ከእነዚህ 55 ሰዓታት ውስጥ በመንገድ ያለፈው 8 ብቻ ነው። ከቀሩት 47 ውስጥ የሚያሳስብ ነገር ያልነበረባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሲቀነሱ፣ ሠላሳ አምስቱ ያለፉት ቆሞ በመጠበቅ ነው፤ ለፈቃድ፣ ለሸካሚ፣ ለምርመራ፣ ለነዳጅ፣ ለፊርማ፣ ለክር። ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቧቸው ሦስቱ መዘግየቶች፣ ማለትም ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት፣ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉት ለዚህ ነው። ርቀት ሲባል ሰው የሚያስበው ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚህ ጉዞ ግን ኪሎ ሜትሩ ትንሹ ድርሻ ነበር።

ሕፃኑ ሕይወቱ አልፎ ወጣ። በካቴተሩ ከረጢት ያለው ሽንት ቀይ ነው።

ቀን 4

ጡቷ ወተት ሞላ። የተኛችው ከሚያጠቡ እናቶች መካከል ነው፣ ሌላ ክፍል የለም። ሕመሙን የሚያስታግሰው የሚደግፍ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና ፓራሲታሞል ነው። የሚያነጋግራት ሰው ግን ከሁሉም በላይ ያስፈልጋታል። አልጋዋን ከግድግዳው ጥግ ማድረግ፣ በር አጠገብ ካለ ልጅ ጩኸት ማራቅ፣ ይህን ያህል ማድረግ በየትኛውም ክፍል ይቻላል። ነርሷ ስሟን ጠርታ «አይዞሽ እህቴ» ብትላት ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ቀን 5

ስትነሳ ቀኝ እግሯ ተጎተተ። የልጁ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ያለውን ነርቭ ለረጅም ሰዓት ተጭኖት ነው። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ እስከዚያ ቁርጭምጭሚቷ በቀጥታ እንዲቆም ድጋፍ ታስሮለት በየቀኑ መንቀሳቀስ አለበት፣ አለዚያ ጅማቱ ያጥራል።

ቀን 6

አልጋ ስለጠበበ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ካቴተሩ ተነቀለ፣ እንደማንኛውም ኦፕራሲዮን።

ከዚህ ጉዞ ሁሉ ለማስተካከል ቀላሉ ስህተት ይህ ነው፤ ሲደጋገም ማየቱም የሚያንገበግበው ለዚህ ነው። ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛውን ከብልት አጥንቱ ጋር አጣብቆ ለሰዓታት ሲጫነው ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል። የሞተው ሥጋ ወዲያው አይወድቅም። የሚረግፈው ከወሊድ በኋላ ከ3 እስከ 10 ባሉት ቀናት ነው። ስለዚህ በ6ኛው ቀን ደረቅ ሆና የወጣች ሴት ድናለች ማለት አይደለም። መውጫ ካጣ ምጥ የተረፈች እናት ካቴተሩ ቢያንስ ለ14 ቀን አይነቀልም፣ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ፈሳሽ ትጠጣለች፣ ከረጢቱም ከፊኛዋ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ፊኛው ባዶ ሆኖ ካረፈ የተጎዳው ሥጋ የመዳን ዕድል ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካቴተር፣ ከረጢትና ውሃ ነው። አልጋው ከጠበበ ካቴተሩን ይዛ ትሂድ፤ እንዴት እንደሚታጠብና እንደማይታጠፍ ግማሽ ሰዓት ማስተማር ይበቃል።

ቀን 9፦ ቤት

ማለዳ ስትነቃ ፍራሹ ርሷል። ላብ መሰላት። ቀትር ላይ ልብሷ እንደገና ረጠበ፣ ሽንት ሳትሸና።

በዚህ ቀን ብትመለስ ካቴተር እንደገና ገብቶላት ለ4 እስከ 6 ሳምንት ቢቆይ፣ ትንሽ የሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም ሥጋው ረግፎ ሽንት የሚያፈስበት ቀዳዳ፣ ያለ ቀዶ ጥገና ሊዘጋ ይችላል። ግን ማን ይመልሳታል? ገንዘቡ አልቋል፣ ብድር አለ፣ ልጁም የለም። በመጀመሪያው ጉዞ ስድስት ሰው ተሸክሟት ነበር። ለሁለተኛው ራሷ ለማንም አልነገረችም። መኪና ላይ ሽታው ያስወርደኛል ብላ ትፈራለች፤ ደግሞም ይደርሳል።

እንዳይፈሳት ብላ ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ማንም ሰው በእሷ ቦታ የሚያደርገው ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ የጭኗን ቆዳ ያቃጥላል፣ ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ እንዲፈጠር ያመቻል። አንድ ሰው ሊነግራት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር «ብዙ ጠጪ» ነው። ቀጥሎ በቀን ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት።

ቀን 14

በዓለም ጤና ድርጅት ምክር አራስ እናት ከወለደች በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባት። በተግባር ቤት ለቤት የሚሄደው ባለሙያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከሕፃናት ክትባት መዝገብ ነው። ሕፃኑ ስለሞተ የእናቲቱ ስም እዚያ የለም። ልጅ ያጣች እናት ከመዝገብም ትጠፋለች። መፍትሔው ከሆስፒታል የወጡ ወላዶችን ስም፣ ልጁ ይኑር አይኑር፣ በየሳምንቱ ለአካባቢው ጤና ባለሙያ በስልክ መስጠት ነው። ለዚያ አንድ መስመር የምትጨምር መዝገብ ትበቃለች።

ባለሙያዋ ከመጣች ሦስት ጥያቄ አይለፋት፦ ትኩሳት አለሽ? ከማህፀንሽ የሚሸት ፈሳሽ አለ? ሽንት ወይም ሰገራ ሳታውቂው ይወጣል? ሦስተኛው ካልተጠየቀ ማንም በራሱ አይናገረውም።

ቀን 42

በሕክምና ቋንቋ የአራስነት ጊዜ ከወሊድ በኋላ በ42ኛው ቀን ያበቃል፤ ከወሊዱ ብንቆጥር ዛሬ ነው። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት «የእናት ሞት» ተብሎ የሚቆጠረው እስከዚህ ቀን ነው። በሕይወት ያለችው እናት በየትኛውም የሞት ቁጥር ውስጥ የለችም።

ባለሙያዋ ጠይቃ ስላገኘቻት፣ ስሟ ፊስቱላ ወደሚጠገንበት ማዕከል ተላለፈ። ባልና ሚስት ሐኪሞቹ ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱትን ዓይነት ሆስፒታል በቅርብ የሚያገኙ ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙ ቦታ ሐኪሞች በዓመት ጥቂት ጊዜ መጥተው በዘመቻ ያክማሉ። ስለዚህ መቼ እንደሚመጡ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ፣ የደም ማነሷን በአይረን ክኒን ማስተካከል፣ አንድ አስታማሚ ማዘጋጀት ከአሁኑ ይጀመራል። እዚያ ስትደርስ በካቴተር ሰማያዊ የተቀላቀለ ፈሳሽ ፊኛዋ ውስጥ ይገባል፤ በብልቷ የተቀመጠው ጥጥ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው ከፊኛ ነው። ከጥገናው በኋላ ካቴተሩ እንደገና ለ2 ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ለቢያንስ 3 ወር ግብረ ሥጋ ግንኙነት አይፈቀድም። ይህ ለባልየው በቀጥታ፣ በሐኪም አፍ መነገር አለበት። እሷ እንድታስረዳው ከተተወ ጥገናው ይፈርሳል።

በመጨረሻ በካርዷ ላይ በትልቁ ይጻፋል፦ «ቀጣይ ወሊድ በኦፕራሲዮን ብቻ»። አንዱ ቅጂ ለእሷ፣ አንዱ ለጤና ጣቢያው። እንደገና ካረገዘች በ38ኛው ሳምንት፣ ምጥ ሳይጀምራት፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ትገባለች። ማቆያው ምግብ ማብሰያና ውሃ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ባዶ ቤት ከሆነ በሦስተኛው ቀን ጥላው ትሄዳለች።